ሳይጠየቅ የሚለውጥ አንባቢ፦ የአር ቋንቋ የሠንጠረዥ ንባብ በይነገጽ የጉዳይ ጥናት

አራት ረድፎች ያሉት አንድ ዓምድ በፋይል ውስጥ አለ እንበል። በመጀመሪያው ረድፍ 5፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 7 ተጽፏል። በአራተኛው ረድፍ ላይ መዝጋቢው ልኬቱን ስላላገኘ ነጥብ ብቻ አስቀምጦ አልፏል። ይህን ፋይል ከ2020 በፊት በነበረ የአር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ሪድ ቴብል በተባለው ፈንክሽን (በስሙ ተጠርቶ አንድ ሥራ በሚሠራ የኮድ ክፍል) ያነበበ ሰው ዓምዱ እንደ ቁጥር እንዳልተነበበለት ያስተውልና «ወደ ቁጥር ለውጥ» ብሎ ያዛል። የሚያገኘው መልስ 3፣ 2፣ 4፣ 1 ነበር። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። አራት ንጹሕ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፤ አማካይ ይሰላላቸዋል፣ ግራፍ ይሣልባቸዋል፣ በሪፖርት ውስጥ ይገባሉ። በፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው ጋር ግን ምንም ዝምድና የላቸውም።

ምክንያቱን ለመረዳት ረጅም መንገድ አያስኬድም። አንባቢው በዓምዱ ውስጥ ቁጥር ያልሆነ ነገር ስላየ ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ነው ብሎ ያዘው። እስከዚህ ድረስ ተገቢ ነው። ቀጥሎ ግን ማንም ሳይጠይቀው ጽሑፉን ፋክተር ወደሚባል ሌላ ዓይነት ለወጠው። በፋክተር ውስጥ የዓምዱ የተለያዩ ቃላት በተራ ተደርድረው አንድ ጊዜ ይመዘገባሉ፤ በየረድፉ የሚቀመጠው ቃሉ ሳይሆን የመዝገብ ቁጥሩ ነው። እንደ ጽሑፍ ሲደረደሩ ነጥቡ ይቀድማል፣ 12 በ1 ስለሚጀምር ይከተላል፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7 ይመጣሉ። ስለዚህ 5 ሦስተኛ፣ 12 ሁለተኛ፣ 7 አራተኛ፣ ነጥቡ አንደኛ ሆኑ። ተጠቃሚው የተሰጠው እነዚህን የመዝገብ ቁጥሮች ነው። ወጥመዱ ብዙ ሰው ስለያዘ በቋንቋው ይፋዊ የጥያቄና መልስ ሰነድ ውስጥ 7.10 የሚል የራሱ ቁጥር አለው፤ መልሱም ፋክተሩን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። አንድ ስህተት በይፋዊ ሰነድ ውስጥ ቋሚ መልስ እስኪበጅለት ድረስ ከተደጋገመ፣ ምንጩ የተጠቃሚው አለመጠንቀቅ ሳይሆን የበይነገጹ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው እምነት ነው።

ሠንጠረዥ የሚያነብ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው እመኛለሁ። ንድፉ በግልጽ ይታያል፤ ያስከተለው ነገር ተመዝግቧል፤ ለመለወጥ የወሰደው ጊዜም ይታወቃል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋይሉ የማያውቀው ነገር

በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ፋይል ስለ ዓይነት የሚያውቀው ነገር የለም። በ2005 የወጣውና የዚህን ፋይል ቅርጽ የገለጸው አርኤፍሲ 4180 የተባለ ሰነድ ስለ ኮማ፣ ስለ ጥቅስ ምልክትና ስለ መስመር መጨረሻ ይናገራል፤ የትኛው ዓምድ ቀን፣ የትኛው ዓምድ ቁጥር እንደሆነ የሚገለጽበት ቦታ ግን የለውም። ሁሉም ነገር ፊደል ነው። ፋይሉን የጻፈው ፕሮግራም የሚያውቀው ዓይነት በመጻፍ ሂደት ይጠፋል፤ የሚያነበው ፕሮግራም ደግሞ ያንን የጠፋ ነገር ከየትም ብሎ ማግኘት አለበት።

ማግኛው መንገድ ሁለት ነው፦ ከአዛዡ መጠየቅ ወይም ከይዘቱ መገመት። ሪድ ቴብል ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ኮል ክላሲስ በሚባለው አማራጭ የየዓምዱን ዓይነት መናገር ይቻላል፤ በዚያ መንገድ ቁጥር በተባለ ዓምድ ውስጥ ሌላ ነገር ከተገኘ ንባቡ ይቆማል፣ ቁጥር ይጠበቅ እንደነበረና በምትኩ ምን እንደተገኘ ይናገራል። ይህ ጥሩ በር ነው። ችግሩ በሩ ከጀርባ በኩል መሆኑ ነው። የፋይሉን ስም ብቻ ሰጥቶ የሚያነብ ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ሰው፣ የሚገባው በፊት ለፊቱ በር፣ በግምቱ በኩል ነው። ያልተሰየመ የዓይነት ዝርዝር ከዓምዶቹ ቁጥር ካነሰ ደግሞ ዝርዝሩ ከመጀመሪያው እየተደገመ ይሞላል፤ ተጠንቅቆ ዓይነት የጻፈውንም ሰው የሚያሰናክል ሁለተኛ ወጥመድ ይሆናል።

የግምቱ ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ዓምዱ መጀመሪያ እውነት ወይም ሐሰት ለመሆን ይሞከራል፤ ካልሆነ ሙሉ ቁጥር፤ ካልሆነ አስርዮሽ ቁጥር፤ ካልሆነ ኮምፕሌክስ ቁጥር፤ ሁሉም ካልሆነለት ጽሑፍ፣ እሱም እስከ 2020 ድረስ ፋክተር። በየደረጃው ምን እንደሚጠፋ ልብ ይበሉ። የመለያ ቁጥሩ 007 የሆነ ዕቃ 7 ይሆናል። የአገሮች ባለሁለት ፊደል መለያ የያዘ ዓምድ ውስጥ ናሚቢያ ትጠፋለች፤ መለያዋ ኤን ኤ ነውና፣ አንባቢው ደግሞ እነዚህን ሁለት ፊደላት «የጎደለ ዋጋ»፣ ማለትም ያልተመዘገበ መረጃ፣ ብሎ ያነባቸዋል። ጾታን በኤምና በኤፍ የሚመዘግብ ፋይል ወንዶችም ሴቶችም ካሉበት ችግር የለበትም። ሴቶች ብቻ ያሉበት ፋይል ሲመጣ ግን ዓምዱ በሙሉ ኤፍ ይሆናል፣ ኤፍ ደግሞ የሐሰት አጭር አጻጻፍ ስለሆነ ሁሉም ሴቶች «ሐሰት» ተብለው ይነበባሉ።

የመጨረሻው ምሳሌ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የግምትን እውነተኛ ጉዳት የሚያሳየው እሱ ነው። ጉዳቱ ግምቱ አንዳንዴ መሳሳቱ ብቻ አይደለም። ያንኑ ፕሮግራም፣ ያንኑ ቅርጽ ባለው ፋይል ላይ፣ በዛሬውና በነገው ዳታ ስናስሄደው የተለያየ ዓይነት ይመልሳል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚያየው ኮዱን ነው፤ ኮዱ ግን የዓምዱን ዓይነት አይነግረውም። ዓይነቱ የሚወሰነው ገና ባልመጣ ፋይል ነው። ፈተናውን ያለፈ ፕሮግራም ሥራ ላይ ከዋለ ከወራት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ቀን ሴቶች ብቻ የተመዘገቡበት ፋይል መጥቶ ይሰብረዋል።

ፋክተር ለምን ተመረጠ?

ነባሪው ምርጫ፣ ማለትም ተጠቃሚው ምንም ካላዘዘ በራሱ የሚሠራው፣ የስንፍና ውጤት አልነበረም። የአር አባት የሆነው ኤስ የተባለ ቋንቋ በ1976 በቤል ላብስ በእነ ጆን ቼምበርስ ተጀመረ። አርን ደግሞ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሠሩት፤ 1.0.0 የተባለው ስሪት በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ወጣ። እነዚህ የስታቲስቲክስ ሰዎች ነበሩ፤ ለባልደረቦቻቸውም ሠሩ። በእነሱ ሥራ በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ማለት ምድብ ማለት ነው፦ የሕክምናው ዓይነት፣ የዘሩ ዝርያ፣ የሙከራው ቡድን። ምድብ በስታቲስቲክስ ሞዴል ውስጥ የሚገባው በቁጥር ተወክሎ ስለሆነ ፋክተር ያስፈልጋል። ስለዚህ ገና በንባብ ጊዜ ለውጦ ማስቀመጥ ለተጠቃሚው ውለታ መስሎ ታየ። ሁለተኛው ምክንያት የኮምፒውተሩ የማስታወሻ ቦታ ነበር። ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ቃል ሺህ ጊዜ ከሚቀመጥ፣ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ቁጥሩ ቢደጋገም ይቀላል።

ሁለቱም ምክንያቶች ከጊዜ በኋላ ረገፉ። በ2007 የወጣው 2.6.0 ስሪት ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ማስቀመጥ ስለጀመረ የቦታው ጥቅም አበቃ። የሞዴሉም ምክንያት ቢሆን ጠንካራ አልነበረም፤ የሞዴል ፈንክሽኖቹ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ራሳቸው ወደ ፋክተር ይለውጡታል። ለውጡ በሚያስፈልግበት ቦታ መሠራት ይችላል ማለት ነው። ተጠቃሚዎቹም ተለወጡ። የሰዎች ስም፣ አድራሻ፣ ነጻ አስተያየት፣ የድረ ገጽ ማስፈንጠሪያ ያለባቸው ሠንጠረዦች መጡ። ስምን ምድብ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ አንድ ስም ከዝርዝሩ ላይ ለማስተካከል የሞከረ ሰው አዲሱ ስም በመዝገቡ ውስጥ ስለሌለ የጎደለ ዋጋ ሆኖበት ያገኘዋል። ሳይጠሩት አቤት የሚል አንባቢ ባለቤቱ ከሄደ በኋላም በሩ ላይ ቆሞ ይመልሳል።

የፊደል ተራው ነገር

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ተጠቃሚ ያላስተዋለው ሌላ ነገር ነው። ፋክተሩ ቃላቱን «በፊደል ተራ» ይመዘግባል አልን። የማን ፊደል ተራ? መልሱ፣ ፕሮግራሙ የሚሄድበት ኮምፒውተር የቋንቋ ቅንብር ነው። በአንዱ ቅንብር ትልልቆቹ የላቲን ፊደላት በሙሉ ከትንንሾቹ ይቀድማሉ፤ ስለዚህ ትልቁ ቢ ከትንሹ ኤ በፊት ይመጣል። በእንግሊዝኛው ቅንብር ትንሹ ኤ ይቀድማል። በኢስቶኒያ ቋንቋ ዜድ የተባለው ፊደል መጨረሻ ላይ ሳይሆን በኤስና በቲ መካከል ነው የሚገኘው።

ይህ የውበት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በተለመደው የሞዴል አሠራር ከመዝገቡ አንደኛ የሆነው ምድብ መነሻ ይሆናል፤ ሌሎቹ ምድቦች ሁሉ የሚለኩት ከእሱ ጋር በመነጻጸር ነው። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ ያንኑ ፋይልና ያንኑ ኮድ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ቢያስሄድ የሞዴሉ ቁጥሮች ሊለያዩበት ይችላሉ። ፋይል ማንበብ ለማንም ሰው ንጹሕ ሥራ ይመስለዋል፤ የተጻፈውን ማምጣት ብቻ። እዚህ ግን ንባቡ በፋይሉ ውስጥ የሌለ፣ በኮዱ ውስጥም የሌለ፣ ከኮምፒውተሩ አካባቢ የመጣ ነገር በውጤቱ ውስጥ ይጨምራል።

ለዚህ ሁሉ የቀረበው ማስታገሻም ሕመሙን አባባሰው። ስትሪንግስ አዝ ፋክተርስ የተባለው አማራጭ በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ሐሰት ሊባል ይችላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ግን በየጊዜው መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው በጠቅላላ ቅንብር ውስጥ አንዴ ማጥፋትም ተፈቀደ። ይህን ያደረገ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰላም ያገኛል። ኮዱን ለባልደረባው ሲልክ ግን ቅንብሩ አብሮ አይሄድም፤ እዚያ ዓምዶቹ ሌላ ዓይነት ይሆናሉ። የሌላ ሰው ፓኬጅ፣ ማለትም ለሌሎች የተዘጋጀ የኮድ ጥቅል፣ ሲጠቀምም፣ ፓኬጁ የተጻፈው በነባሪው ቅንብር ስለሆነ ውስጡ ያለው ንባብ ከጸሐፊው ሐሳብ ውጭ ይሠራል። የሚመልሰው ዓይነት በጠቅላላ ቅንብር የሚወሰን ፈንክሽን ለጠሪው ምንም ቃል አልገባም ማለት ነው። እዚህ ላይ አቋሜ ግትር ነው፦ የንባብ በይነገጽ ጠቅላላ ቅንብር አያስፈልገውም፣ መቼም።

የ2014 ሦስት ወራት

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ክፍል አጭር ዕድሜ የነበረው አንድ ለውጥ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ እገባለሁ።

በአር ውስጥ አንድ ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 መብለጥ አይችልም። ከዚያ የበለጠ ቁጥር በአስርዮሽ ዓይነት ይያዛል፤ ይህ ዓይነት ሙሉ ቁጥሮችን ሳይዘል በትክክል የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ነው። በፋይል ውስጥ 9007199254740993 የሚል መለያ ካለ ሲነበብ መጨረሻው 2 ይሆናል። በመለያ ቁጥር ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ወይም ሁለት የተለያዩ ግብይቶች አንድ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። አንባቢው ይህን በዝምታ ያደርግ ነበር።

በኤፕሪል 2014 የወጣው 3.1.0 ስሪት ይህን ለማስተካከል ተነሣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ቁጥሩ ወደ አስርዮሽ ዓይነት ሲለወጥ ትክክለኛነቱን የሚያጣ ከሆነ፣ ዓምዱ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በጽሑፍነቱ ይቆይ። ዋጋ ከሚጠፋ ዓይነት ይቅር። ለመለያ ቁጥሮች ትክክለኛ መፍትሔ ነው።

ግን ረጅም አሃዝ ያለው ቁጥር ሁሉ መለያ አይደለም። የአስርዮሹ ዓይነት የሚይዘው ከ15 እስከ 17 ጉልህ አሃዞች ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ የልኬት ውጤቶችን በ16፣ በ17፣ ከዚያም በበለጠ አሃዝ ይጽፋሉ። እነዚያ የመጨረሻ አሃዞች ለማንም ትርጉም የላቸውም፤ የስሌት ጭራ ናቸው። አዲሱ ደንብ ግን ትክክለኛነት ጠፋ ብሎ ዓምዱን በሙሉ ከቁጥርነት አወጣው። ያኔ ጽሑፍ ማለት ደግሞ ፋክተር ማለት ነበር። ስለዚህ የሙቀት ልኬት ወይም የክብደት ልኬት የያዘ፣ ሁሉም ረድፉ ቁጥር የሆነ ዓምድ፣ በመዝገብ ቁጥር የተወከለ ምድብ ሆኖ መጣ። «ወደ ቁጥር ለውጥ» የሚል መስመር በኮዳቸው ውስጥ የነበራቸው ሰዎች ያገኙት ልኬቱን ሳይሆን የመዝገብ ተራውን ነው። ትክክለኛነትን ለመጠበቅ የተደረገ ጥረት ከአሮጌው ነባሪ ምርጫ ጋር ሲጋጠም ትክክለኛነትን በሙሉ አጠፋ።

በጁላይ 2014 የወጣው 3.1.1 ስሪት ነገሩን ወደ ነበረበት መለሰው፤ ኑመራልስ የሚባል አዲስ አማራጭም ጨመረ። አማራጩ ሦስት መልስ ይቀበላል፦ መጥፋቱን ፍቀድ፣ ሲጠፋ አስጠንቅቅ፣ አትፍቀድ። ነባሪው የመጀመሪያው ሆነ፣ እንደ ድሮው።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሚታየኝ የጸሐፊዎቹ ስህተት አይደለም። ጥያቄው ራሱ ከይዘቱ ብቻ የሚመለስ አይደለም። 17 አሃዝ ያለው ቁጥር መለያ ነው ወይስ ልኬት? ፊደሎቹ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ዳታውን በሚያውቀው ሰው ራስ ውስጥ ነው። የቱንም ያህል ብልህ ደንብ ቢጻፍ ለአንዱ ሲያደላ ሌላውን ይጎዳል። ደንቡን ከማሻሻል ይልቅ ጥያቄውን ለሚመለከተው ሰው የሚያቀርብ በይነገጽ ነው የሚያስፈልገው። በሦስት ወራት ውስጥ የተደረሰበት መፍትሔም አማራጭ መጨመር መሆኑ ይህንኑ ያሳያል፤ ያሳዘነኝ አማራጩ ለፋይሉ በሙሉ አንድ መሆኑ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ መለያውም ልኬቱም ጎን ለጎን ይኖራሉና፣ ጥያቄው የየዓምዱ ነው።

ሌሎች አንባቢዎች የሄዱበት መንገድ

በዚያው ቋንቋ ውስጥ ሰዎች ዝም ብለው አልጠበቁም። ዳታ ቴብል የተባለው ፓኬጅ ኤፍሪድ የሚባል ፈጣን አንባቢ አለው፤ በ2015 ደግሞ ሪድአር የተባለ ፓኬጅ ወጣ። ሁለቱም ጽሑፍን ጽሑፍ አድርገው ይተዋሉ። ሁለቱም ግን ይገምታሉ፤ የሚለያዩት ግምታቸው ሲከሽፍ በሚያደርጉት ነው።

ሪድ ቴብል ዓምዱን መጀመሪያ በሙሉ በጽሑፍነት አንብቦ፣ ሁሉንም ዋጋ አይቶ ነው የሚወስነው። ዝግ ያለ ነው፣ ነገር ግን ያላየው ረድፍ የለም። ሪድአር ለፍጥነት ሲል የመጀመሪያዎቹን 1,000 ረድፎች አይቶ ይወስን ነበር። ዓምዱ እስከ 1,000ኛው ረድፍ ድረስ ባዶ ከሆነ እውነት ወይም ሐሰት ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት እውነተኛ ዋጋዎች ወድቀው የጎደሉ ይሆናሉ። በ2021 የወጣው ሁለተኛው ስሪቱ ናሙናውን ከፋይሉ ዙሪያ በመውሰድ ይህን አቃልሎታል። ኤፍሪድ በበኩሉ በ100 ቦታዎች ላይ በየቦታው 100 ረድፎችን ያያል፤ ከናሙናው ውጭ ግምቱን የሚያፈርስ ዋጋ ካጋጠመው ያንን ዓምድ ዓይነቱን አስፍቶ እንደገና ያነበዋል። ይህ የኤፍሪድ አሠራር በጣም ያስደስተኛል፤ ፍጥነትንና እውነትን ሳያጋጭ ያስማማልና።

ሪድአር ግን ለበይነገጽ ሠሪ የሚሆን ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አሉት። አንደኛ፣ የገመተውን ይናገራል። ንባቡ ሲያልቅ የየዓምዱን ዓይነት ያሳያል፤ ስፔክ በሚባለው ፈንክሽን ሲጠየቅ ደግሞ ያንኑ ግምት ኮድ ውስጥ ሊለጠፍ በሚችል መልክ ይሰጣል። ሰው መጀመሪያ ያለ ሐሳብ ያነባል፣ ግምቱን ያያል፣ ስህተቱን ያርማል፣ የታረመውን ኮዱ ውስጥ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ግምት የለም። ግምት የመጀመሪያ ቀን ረዳት ይሆናል እንጂ የዘላለም ዳኛ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ያልተነበበውን ዋጋ ይመዘግባል፦ በስንተኛው ረድፍ፣ በየትኛው ዓምድ፣ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን ተገኘ። ይህ ራሱ ሠንጠረዥ ሆኖ ይቀርባል። የመጀመሪያው ምሳሌያችን ላይ ያለው ነጥብ በዚህ መዝገብ ላይ ቢታይ ኖሮ አንድ ሰው በደቂቃ ውስጥ «ነጥብ ማለት የጎደለ ማለት ነው» ብሎ ይነግረው ነበር።

ከአር ውጭም ቢሆን ወጥመዱ አንድ ነው። የፓይተን ቋንቋ ፓንዳስ ላይብረሪ ትልቅ ፋይልን በነባሪው በቁራጭ በቁራጭ ስለሚያነብ፣ አንድ ዓምድ በአንዱ ቁራጭ ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ሆኖ የተቀላቀለ ዓይነት ሊይዝ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ንባቡን ግን አያቆምም። ከጎደለ ዋጋ ጋር የተገናኘ የሙሉ ቁጥር ዓምድ ለብዙ ዓመታት ወደ አስርዮሽ ይለወጥ ነበር፤ የጎደለ ዋጋ መያዝ የሚችል የሙሉ ቁጥር ዓይነት በ2019 ተጨመረለት፣ ነባሪው ግን አልሆነም። የግምት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ የጂን ስሞች ጉዳይ ነው። ማርች 1 እና ሴፕት 1 ተብለው የሚጻፉ ጂኖችን የስሌት ሠንጠረዥ ፕሮግራም ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረ፣ የሰውን ጂኖች የሚሰይመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እነዚህን ስሞች ለወጣቸው፤ አዲሱን መመሪያውንም በ2020 አሳወቀ። ሳይንስ ስያሜውን ለአንድ ፕሮግራም ግምት ሲል አስተካከለ።

ለውጡና ዋጋው

በፌብሩዋሪ 2020 ከአር ዋና አዘጋጆች አንዱ የሆነው ኩርት ሆርኒክ ነባሪው ምርጫ እንደሚለወጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ ጻፈ። ከምክንያቶቹ መካከል የቋንቋ ቅንብሩ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል፦ በራሱ የሚሠራው ለውጥ ውጤቱን ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያየዋል። ኤፕሪል 24 ቀን 2020 የወጣው 4.0.0 ስሪት ጽሑፍን ጽሑፍ አድርጎ መተው ጀመረ። ከ1.0.0 ሃያ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት አልፎታል።

ለምን ይህን ያህል ቆየ? የስሪቱ ማስታወሻ ራሱ ይመልሳል፦ ብዙ ፓኬጆች በቀድሞው አሠራር ላይ ተመሥርተው ስለነበር መስተካከል አስፈልጓቸዋል ይላል። ነባሪ ምርጫ ኮድ ውስጥ አይጻፍም፤ ስለዚህ ማን እንደተደገፈበት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። አማራጩን በግልጽ የጻፈ ሰው ኮድ ውስጥ ቃሉን መፈለግ ይቻላል፤ ያልጻፈው ሰው ግን ምልክት አይተውም። ፋይል አንብቦ በቀጥታ የፋክተሩን መዝገብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከ4.0.0 በኋላ ባዶ መልስ ያገኛል፤ ደራሲው ፋክተር ፈልጎ እንደነበረ የሚያሳይ አንድም ፊደል በኮዱ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ነባሪ ምርጫ በበይነገጽ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለመለወጥ የሚከብደው፤ ለዚህም ነው ላይብረሪው ገና አንድ ተጠቃሚ ሳይኖረው በመጀመሪያው ስሪት ላይ ብዙ ሊታሰብበት የሚገባው።

እኔ ይህን መሰል አንባቢ ከባዶ ብነድፍ ፊት ለፊት የማደርገው የዓይነት ዝርዝሩን ነው። ዓምዶች በስማቸው እንጂ በቦታቸው ተራ አይጠሩም፤ ፋይሉን የሚልከው ወገን ነገ አንድ ዓምድ መካከል ላይ ሊጨምር ይችላልና። ዝርዝር ያልተሰጠው ንባብ ሁሉንም ዓምድ ጽሑፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ጽሑፍ ምንም ነገር አያጠፋም፣ 007 ሰባት አይሆንም፣ ናሚቢያም አትጠፋም። መገመት ለሚፈልግ ሰው ግምት ራሱን የቻለ ሌላ ፈንክሽን ይሆናል፤ የሚመልሰው ዳታ ሳይሆን የዓይነት ዝርዝር ነው፣ ሰውየው አይቶ አርሞ ለአንባቢው የሚሰጠው። የጎደለ ዋጋ ምልክትም የየዓምዱ ነው፤ በልኬት ዓምድ ውስጥ ነጥብ የጎደለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ በአገር ዓምድ ውስጥ ኤን ኤ አገር ነው። ይህ ለመጀመሪያ ተጠቃሚ ሁለት መስመር ያስረዝማል። ፍጥነት የሚወድ ሰው ይማረርበታል፤ ቅሬታውም እውነት አለው፣ አዲስ ፋይል ለአንድ ደቂቃ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዝርዝር መጻፍ ሸክም ነው። ያም ሆኖ ሁለት መስመር ይሻላል እላለሁ።

ከ4.0.0 በኋላ ያ የመጀመሪያው ፋይል ሲነበብ ዓምዱ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። «ወደ ቁጥር ለውጥ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ 5፣ 12፣ 7 እና አንድ የጎደለ ዋጋ ይመለሳል፤ ከመለወጡ የተነሣ የጎደለ ዋጋ መፈጠሩን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም ይከተላል። ትንሽ የምትመስለው ይህች ማስጠንቀቂያ የሃያ ዓመት ሥራ ናት። የኤፍ ዓምድ ግን ዛሬም ሐሰት ሆኖ ይነበባል። ከ4.0.0 በኋላ በመጡ ስሪቶች ትራይ ሎጂካል የሚባል አማራጭ ተጨምሯል፤ ሲጠፋ ኤፍን በፊደልነቱ ይተወዋል። ነባሪው ግን እንደበራ ነው፤ የቀድሞ ኮድ እንዳይሰበር።